በወረቀት ላይ ያለው መሐንዲስ፦ በመንግሥት ጨረታ ስለ ቁልፍ ባለሙያዎች የሚነሣው ክርክር

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ፣ ሲሚንቶ ወይም የውኃ ቧንቧ ሲገዛ ናሙናውን አይቶ፣ ለክቶና መዝኖ መረከብ ይችላል። የመንገድ ዲዛይን፣ የውኃ ጥናት ወይም የግንባታ ቁጥጥር አገልግሎት ሲገዛ ግን ውሉ በሚፈረምበት ዕለት ለዓይን የሚታይ ነገር የለም፤ የሚገዛው የባለሙያዎች ዕውቀት፣ ልምድና ጊዜ ነው። በዚህ ምክንያት ተጫራች ድርጅቶች ሥራውን የሚመሩትን ሰዎች በስማቸው ለይተው ከትምህርት ማስረጃቸውና ከሥራ ልምዳቸው ጋር እንዲያቀርቡ ይጠየቃሉ። ቁልፍ ባለሙያዎች የሚባሉትም እነዚህ፣ ያለ እነርሱ ሥራው በታሰበው ጥራት ሊከናወን አይችልም ተብሎ የሚገመቱት የቡድን መሪ፣ መሐንዲስ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያ፣ ቀያሽና የመሳሰሉት ናቸው።

የባለሙያው ማንነት የቱን ያህል እንደሚወስን በደቡብ ወሎ የሐይቅንና የአምባሰልን መልክዓ ምድር የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይረዳል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ሐይቅ ስሟን ያገኘችበት የውኃ አካል መውጫ ወንዝ የሌለው በመሆኑ፣ ከከተማውና ከእርሻው በጎርፍ ታጥቦ የሚገባው ደለልና ፍሳሽ እዚያው ይከማቻል፤ ስለዚህ በአካባቢው የሚሠራ የጎርፍ መውረጃ ወይም የፍሳሽ ማስወገጃ ይህን ያላገናዘበ ንድፍ ሊኖረው አይገባም። በአጎራባቹ አምባሰል ወረዳ ደግሞ፣ ከዋና ከተማው ከውጫሌ ወጣ ሲባል ተራራው ቀጥ ያለ፣ ሸለቆው ጥልቅ በመሆኑ፣ የገጠር መንገድ የሚነድፈው መሐንዲስ የአፈር መንሸራተትንና የክረምት ጎርፍን በተግባር ያየ ካልሆነ የስሕተቱ ዋጋ የሚከፈለው በአርሶ አደሩ ነው።

በወረዳ ደረጃ የሚፈጸም ግዥ በአብዛኛው በገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ሥር በተደራጀና በተለምዶ ፑል እየተባለ በሚጠራ የጋራ አገልግሎት በኩል ያልፋል። በአማራ ክልል የጨረታ ማስታወቂያ በየሳምንቱ በሚታተመው በበኩር ጋዜጣ ይወጣል፤ ተጫራቾችም ሰነዳቸውን በታሸገ ፖስታ ያስገባሉ። የአማካሪነት አገልግሎት ሲሆን ቴክኒክና ዋጋ በተለያዩ ፖስታዎች ይቀርባሉ፤ ገምጋሚዎች በዋጋ ርካሽነት ሳይማረኩ ችሎታን እንዲመዝኑ ሲባልም ቴክኒኩ አስቀድሞ ይመረመራል፣ የዋጋው ፖስታ የሚከፈትላቸውም ዝቅተኛውን የማለፊያ ነጥብ ያገኙት ብቻ ናቸው።

ከቴክኒክ ነጥቦች ውስጥ የባለሙያዎቹ ድርሻ ከፍተኛ ነው። የዓለም ባንክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ባወጣው የአማካሪዎች መምረጫ መመሪያ ከ100 ነጥብ ለቁልፍ ባለሙያዎች ከ30 እስከ 60 የሚደርሰውን መድቦ ነበር፤ ለድርጅቱ የራሱ ልምድ የሚሰጠው ከ10 አይበልጥም ነበር። ለአንድ ባለሙያ የሚሰጥ ጥቂት ነጥብ አሸናፊውን ሊለውጥ እንደሚችል በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንደኛው ተጫራች በቴክኒክ 85 ነጥብ አግኝቶ 2 ሚሊዮን ብር፣ ሁለተኛው 78 ነጥብ አግኝቶ 1.6 ሚሊዮን ብር ቢጠይቅ፣ የቴክኒኩ ክብደት 80፣ የዋጋው 20 በመቶ ቢሆን፣ የመጀመሪያው በድምሩ 84፣ ሁለተኛው 82.4 ያገኛሉ፤ አሸናፊው የመጀመሪያው ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ድርጅት 18 ነጥብ ያስገኘለት የቡድን መሪ ሥራውን ትቶ ከሄደና በምትኩ የሚመጣው 12 ብቻ የሚገባው ከሆነ፣ ድምሩ ወደ 79.2 ወርዶ አሸናፊነቱ ለሁለተኛው ይገባ ነበር ማለት ነው።

አብዛኛው ክርክር የሚነሣውም ከዚህ ነው። የአንድ ባለሙያ ስም ሳያውቅ ወይም ሳይፈርም በሰነድ ውስጥ ይገባል፤ ያው ሰው በሁለትና በሦስት ድርጅቶች ስም በአንድ ጊዜ ይቀርባል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃው ከእውነቱ ይበልጣል፤ ጨረታው ሲጓተትም ባለሙያው ሌላ ሥራ ይዞ ይሄዳል። በገምጋሚው በኩል ደግሞ «ተመሳሳይ ሥራ» የሚለው መስፈርት ምን ማለት እንደሆነ ሳይብራራ ቀርቶ ለአንዱ ሲሰፋ ለሌላው ይጠብባል፤ በሰነዱ ያልተጻፈ መመዘኛም በግምገማ ወቅት ይጨመራል።

ባለሙያው ከግምገማው በፊት ቢለቅስ ማን ምን ማድረግ አለበት የሚለው ጥያቄ ሌሎች አገሮችንም አከራክሯል። በአሜሪካ የግዥ አቤቱታ የሚመረምረው የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት፣ ተጫራቹ ቁልፍ ባለሙያው እንደማይገኝ ሲያውቅ ጨረታውን ላወጣው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት ሲል ወስኖ ነበር፤ በ2022 ግን የፌዴራል የይገባኛል ጉዳዮች ፍርድ ቤት ጎልደን አይቲ በተባለ ድርጅት መዝገብ ላይ በሰነዱ ያልተጻፈ ግዴታ በተጫራች ላይ ሊጫን አይችልም የሚል አቋም ይዟል። የዓለም ባንክ መደበኛ ሰነድ ግን ጉዳዩን አስቀድሞ ይደነግጋል፤ የመጫረቻ ሰነዱ ጸንቶ መቆያ ጊዜ ሲራዘም ባለሙያው ካልተገኘ ተተኪው እኩል ወይም የበለጠ ብቃት ሊኖረው ይገባል፣ በድርድር ጊዜ መለወጥ የሚፈቀደውም እንደ ሞት ወይም ሕመም ባለ ከተጫራቹ ቁጥጥር ውጪ በሆነ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ የፌዴራል የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ግምገማ በጨረታ ሰነዱ በተጻፉ መስፈርቶች ብቻ እንዲካሄድ፣ ተሸናፊዎችም ያልተመረጡበት ምክንያት እንዲገለጽላቸው ያዝዝ ነበር። ቅር የተሰኘ ተጫራች ጉዳዩን ባወቀ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ አቤቱታውን መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ያቀርብ ነበር፤ ኃላፊውም ግዥውን አግዶ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ይወስን ነበር፤ ያልረካ አቤቱታ አቅራቢ ወደ አቤቱታ አጣሪው ቦርድ ይሄድ ነበር። ይህ አዋጅ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል፤ ክልሎችም የየራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው። የአቤቱታ ሥርዓት በአጭር ጊዜ የተገደበ በመሆኑ፣ የተሸነፈበትን ምክንያት በዝርዝር ያልተነገረው ተጫራች መብቱን ሊጠቀምበት አይችልም፤ ምክንያቱን ዘግይቶ መግለጽ አቤቱታን እንደመከልከል ይቆጠራል።

አቤቱታ ብዙ ጊዜ ልማትን እንደሚያጓትት ተደርጎ ይታያል። እርግጥ ነው፣ ክረምት ሳይገባ መጀመር ያለበት ሥራ በክርክር ሲዘገይ ሕዝብ ይጎዳል፤ ይሁን እንጂ የማይገኝ መሐንዲስ ነጥብ አስገኝቶ የተሰጠ ውል የሚያስከትለው ጉዳት ከጥቂት ሳምንታት መዘግየት ይከብዳል። መፍትሔውም አቤቱታን ማፈን ሳይሆን የአቤቱታን ምክንያት መቀነስ ነው። የጨረታ ሰነዱ «ተመሳሳይ ሥራ» ማለት ምን እንደሆነ በመጠንና በዓይነት ይግለጽ፤ እያንዳንዱ ባለሙያ በራሱ ፊርማ ለሥራው መስማማቱን ያረጋግጥ፤ ባለሙያ የሚለወጥበት ምክንያትና የነጥቡ ዕጣ አስቀድሞ ይጻፍ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ የዋለው የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓትም የአንድ ባለሙያ ስም በስንት ጨረታዎች እንደቀረበ ለማመሳከር ሊያገለግል ይችላል።

ከሁሉም በላይ የተቀመጠው ነጥብ እውነተኛ ትርጉም የሚኖረው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። የሐይቅ ነዋሪ የጎርፍ መውረጃው ሲቆፈር፣ የአምባሰል አርሶ አደር መንገዱ ሲቀደድ፣ ነጥብ ያስገኘው መሐንዲስ በሥራው ቦታ መገኘቱን የመጠየቅ መብት አላቸው። ወረዳው የቁልፍ ባለሙያዎቹን ስም በሥራው ቦታ በግልጽ ቢለጥፍና የክፍያ ሰርተፍኬት ከማጽደቁ በፊት መገኘታቸውን ቢያረጋግጥ፣ ተጫራቾች በፖስታ የሚያስገቡት ስም ሥራ ላይ የሚገኘው ሰው ስም ይሆናል።