ፀጉር አልባዎቹ አይጦች

ሥራ ስገባ ጋውን፣ ማስክና ጓንት አደርጋለሁ። ሰው እንዳይነክሱኝ ይመስለዋል፤ እኔ ግን የምፈራው ለእነሱ ነው። ሜሪላንድ በሚገኝ ቤተ ሙከራ የምንከባከባቸው አይጦች ፀጉር የላቸውም፤ ቆዳቸው ሮዝና የተጨማደደ ነው። እኛን የማያስነጥስ ጀርም እነሱን ሊጨርሳቸው ይችላል። ምግባቸውም፣ የሚተኙበት ሰጋቱራም ኦቶክሌቭ የሚባለው በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን ውስጥ ሳይገባ አይቀርብላቸውም።

ዝርያው ግላስጎው ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1962 ታየ። ምክንያቱ የታወቀው በ1968 ነው፦ ታይመስ የላቸውም። ታይመስ ደረት ውስጥ ከልብ በላይ ያለ፣ ቲ ሴል የሚባሉት የሰውነት ዘበኞች የሚበስሉበት አካል ነው። ፀጉሩንም ታይመሱንም ያሳጣቸው አንድ ጂን ነው፤ የተበላሸውን ከአባትም ከእናትም የወረሰ ብቻ ራቁቱን ይቀራል። ባለፀጉሩና ፀጉር አልባው ከአንድ እናት ተወልደው ተቃቅፈው ይተኛሉ። በተወለዱ ማግስት፣ ሁሉም ገና ፀጉር ሳያበቅሉ፣ የምለያቸው በጢማቸው ነው፤ የፀጉር አልባዎቹ አጭርና የተቆለመመ ነው።

የሰው የአንጀት ካንሰር ሴል ከጎናቸው ቆዳ ሥር ሲወጋ ባለፀጉሩ ወንድም ጠራርጎ ያጠፋዋል። ፀጉር አልባው ላይ ግን ምስር የምታህል እብጠት ትወጣለች፤ ከዚያ ሽምብራ፣ ከዚያ ባቄላ ታክላለች። በሳምንት ሁለቴ በካሊፐር እለካታለሁ። የሰው ካንሰር በእነዚህ አይጦች ላይ እንደሚያድግ በ1969 ያሳዩት የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች ናቸው።

«የሰው ሴል ለአይጥ ባዕድ ነዋ! የገዛ ሰውነቷ ያበቀለውንስ ትለየዋለች?» የሚል ካለ እውነት አለው። አክስቴም ደሴ ሆነው የጡት ካንሰር ሲገኝባቸው በስልክ የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር፦ «ልጄ፣ ሰውነቴ እያየ ዝም አለው?»

መልሱን ያገኘሁት የሴንት ሉዊሱ ሮበርት ሽራይበርና ባልደረቦቹ በ2001 ካወጡት ጥናት ነው። ጤነኛ አይጦችንና ቲ ሴልም ቢ ሴል የሚባለው ሌላው ዘበኛም ሳይኖራቸው የተወለዱትን፣ ሁለቱንም ካንሰር አምጪ ኬሚካል ወጓቸው። መከላከያ ከሌላቸው ብዙዎቹ ዕጢ አወጡ፤ ይህስ ይጠበቃል። እኔን ያስደነቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ዕጢዎቹን ወደ ሌሎች ጤነኛ አይጦች አዛወሯቸው። ከጤነኞቹ የተወሰዱት ሁሉም አደጉ። መከላከያ ከሌላቸው ከተወሰዱት 20 ዕጢዎች ግን 8ቱን የአዲሶቹ አይጦች ሰውነት አጠፋቸው። ዘበኛ በሌለበት ያደገ ዕጢ መደበቅ ላያውቅ ይችላል፤ ዘበኛ ባለበት ያደገው ግን የሚታዩት ሁሉ ተለቅመው የተረፈው ነው።

የአይጦቹን ነገር ለአክስቴ ነገርኳቸው። «የእርስዎም ሰውነት ዝም አላለ ይሆናል፤ ሲለቅም ከርሞ አንዱ አምልጦት እንጂ» አልኳቸው።

ጥቂት ቆዩና «ታዲያ ይኸን ያህል ጊዜ ብቻውን ሲታገል ነበራ!» አሉኝ።