ለደጋ ቤት የሚረጭ ፎም፤ ውፍረቱ ስንት ይሁን?

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፥ የጉና ተራራ ብርድ የሚደርስባት ደጋ ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። በአካባቢው የሣር ክዳን በቆርቆሮ እየተተካ በመሄዱ ቤቱ ከዝናብና ከእሳት ይበልጥ ተጠብቋል፤ በሙቀት ረገድ ግን ተጐድቷል። ሣር በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ሙቀትን ያቆያል፤ ቆርቆሮ ግን ወደ ውጭ ያሳልፈዋል፤ በውርጭ ሌሊትም የቤቱ እንፋሎት ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል።

ስለዚህ ከቆርቆሮ ሥር ተረጭቶ የሚደርቀውን ፎም ለማስመጣት ወይም ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ አስቀድሞ የውፍረቱን ነገር ማወቅ ይገባዋል። ብዙ ሰው ውፍረቱ በጨመረ ቍጥር ጥቅሙም በዚያው ልክ የሚጨምር ይመስለዋል፤ ስሌቱ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው።

በባዶ ቆርቆሮ የሚወጣውን ሙቀት 100 እጅ ብንለው፥ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጠጣር ፎም ሲረጭበት የሚወጣው 12 እጅ ያህል ነው፤ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 7፥ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ደግሞ 3 እጅ ያህል ይሆናል። እንግዲህ ከ5 ወደ 10 የሚያልፍ ሰው የፎሙን ዋጋ እጥፍ ከፍሎ የሚያተርፈው ከ4 እጅ አይበልጥም። በመሆኑም ለደጋው መኖሪያ ቤት 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ይህም 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው ደረቅ የሣር ክዳን ጋር ይስተካከላል። የተረፈው ገንዘብ የበርና የመስኮት ክፍተት ለመድፈን ቢውል ይሻላል። ለስላሳው ዓይነት ፎም ግን ለዚሁ ውጤት ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ስለሚያስፈልገው፥ ሁለቱን በአንድ ዋጋ ማወዳደር አይገባም።

ፎም በእሳት ሲያያዝ መርዛም ጢስ ስለሚያወጣ፥ ምድጃ ባለበት ቤት በጂፕሰም ወይም በልስን ሳይሸፈን መተው የለበትም። የሚረጨውም ቆርቆሮው በፀሐይ ሞቆ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ነው፤ በቀዝቃዛና በእርጥብ ብረት ላይ በደንብ አይጣበቅም። አስመጪዎችም በመስከረም 1980 ዓ.ም. የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት የኦዞንን ሽፋን የሚጐዱ ማስነፊያ ጋዞችን እንደሚከለክል አውቀው፥ ከማዘዛቸው በፊት የጋዙን ዓይነት በጽሑፍ ይጠይቁ።

በመጨረሻም ውፍረቱ በቀጭን ሽቦ ተወግቶ በልዩ ልዩ ቦታ ይለካ፤ በደረሰኙም ላይ ይጻፍ። 5 ተብሎ ተሽጦ 3 የተገኘ እንደ ሆነ፥ ብርዱ ራሱ ይመሰክራልና።