የባሕር ዳርቻ ቤት በፉሪ

[ምስል፦ ፉሪ ተራራ፣ የስርጭት ማማዎቹ። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ሰፈሩ ቆርቆሮ ጣሪያዎችና ወደ ዲሾቹ ይወርዳል።]

ተራኪ፦ የአዲስ አበባ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የስርጭት ማማዎች ከቆሙባቸው ከፍታዎች አንዱ ይህ ነው፤ ፉሪ። ከሥሩ ያለው ሰፈር ግን ዛሬ ቀና ብሎ ማማውን አይጠብቅም። ጣሪያው ላይ ዲሹን ደግኗል፤ ጣቢያውንም እንደልቡ ይቀያይራል። የትኛውንም ቢከፍት የሚያጋጥመው አንድ ነገር አለ። ሁለት ቀልደኞች ጭውውት ይጀምራሉ፣ ተመልካች ይስቃል፣ ጨዋታው ሊደምቅ ሲል «ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን» ይባላል። ማስታወቂያው ሲመጣ ሳሙናውን ይዞ የሚታየው ብዙ ጊዜ ያው ቀልደኛ፣ ወይም የሙያ ወንድሙ ነው። በሌላው ዓለም ማስታወቂያን እያስመሰሉ በማስታወቂያ ላይ ማሾፍ ራሱን የቻለ የቴሌቪዥን ቀልድ ዓይነት ከሆነ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። እኛ ዘንድ ግን ቋሚ ቦታ አላገኘም። ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ ቶሎ የሚመጣለት መልስ ፍርሃት ነው፤ መንግሥትን መፍራት። የዚህ ዝግጅት ሙግት ሌላ ነው። ቀልዱና ማስታወቂያው የሚበሉት ከአንድ መሶብ ስለሆነ ነው።

[ምስል፦ የመላጫ ማስታወቂያዎች፣ ከጥንቱ እስከ ዛሬ።]

በመጀመሪያ ግን ቀልዱ ሲሳካ ምን እንደሚመስል እንይ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 1975፣ በእኛ መስከረም መጨረሻ 1968 ዓ.ም.፣ በኋላ «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» ተብሎ የታወቀው የአሜሪካ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ላይ ዋለ። በዚያው ምሽት አንድ የመላጫ ማስታወቂያ ታየ። ጂሌት ባለ ሁለት ምላጭ መላጫውን ገበያ ላይ ካዋለ አራት ዓመት ሆኖታል፣ «ሁለት ከአንድ ይሻላል» የሚለው ስብከትም አገሩን አዳርሷል። ይህኛው ግን ሦስት ምላጭ አለው። ተራኪው ድምፁን አጎርንኖ ያብራራል፤ የመጀመሪያው ምላጭ ፀጉሩን ይይዘዋል፣ ሁለተኛው ይበልጥ ስቦ ያወጣዋል፣ ሦስተኛው ይቆርጠዋል። ሥዕሉም፣ ሙዚቃውም፣ የሳይንስ ለዛውም ከእውነተኛው ማስታወቂያ አንድ ፀጉር አይለይም። ተመልካቹ ቀልድ መሆኑን የሚያውቀው በመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ነው፤ ይህንን የሠራነው የተባላችሁትን ሁሉ ስለምታምኑ ነው የሚል ትርጉም አላት። ቀልዱ እዚያ ባበቃ ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ጂሌት ባለ ሦስት ምላጭ መላጫ የምር ለገበያ አቀረበ፤ ማስታወቂያውም ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ከተሾፈበት ብዙም አይርቅም። በ2003 ተፎካካሪው ሺክ አራት አደረሰው። በ2006 ጂሌት አምስት አለ። ቀልደኞቹ ትንቢት ተናጋሪ ሆነው አይደለም። የማስታወቂያን ሒሳብ፣ «አንድ ጨምር፣ ተሻሽሏል በል» የሚለውን፣ ከባለቤቱ በፊት እስከ ጥጉ ሠርተውት ነበር። የሹፈት ማስታወቂያ ዋጋውም ይኸው ነው፤ ዕቃውን አይሰድብም፣ እኛ የተታለልንበትን መንገድ ያሳየናል።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ለእንዲህ ያለው ቀልድ አፈሩ አልነበረም። ከወራት በፊት፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ደርግ ባንኮችን፣ ኢንሹራንሶችንና ትልልቅ ፋብሪካዎችን ወርሷል። ተቀናቃኝ የሌለው ፋብሪካ የሚጮኽበት ምክንያት የለውም፤ ጩኸት ከሌለ ደግሞ በምን ይሾፋል? ጩኸቱ የመጣው ከደርግ ውድቀት በኋላ፣ ገበያው ሲከፈት ነው። በዚያ ወቅት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መዝናኛ ለሀገሩ ጥንድ ቀልደኞችን አስተዋውቆ ነበር። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፤ አንዱ ብልጥ፣ አንዱ የዋህ፤ አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ መላሽ። ከገበያው ጋር የመጣው ማስታወቂያ የራሱን ቋንቋ ከመፍጠር ይልቅ ይህንን ተዋሰ። የሚጠይቅ የዋህና የሚመልስ ብልጥ፣ ከዚያ የዕቃው ስም። የመድረክ ሰዎችም ወደ ሥራው ገቡ፤ ሠራዊት ፍቅሬ በትወናው የታወቀውን ያህል በማስታወቂያ ሥራውም ይታወቃል።

ስለዚህ የእኛ የዚህ ዘመን ማስታወቂያ ገና ሲጀምር ጭውውት ነበር። አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ሴትዮዋ ልብስ ታሰጣለች። ጎረቤቷ ሳታንኳኳ ትገባለች፣ ደረቷን በእጇ ይዛ «ውይ! በሞትኩት! ይሄ ነጠላ ያ የድሮው ነው?» ትላለች። የሴትዮዋ ባለቤት ከጓዳ ብቅ ይላል፤ ባል በዚህ ዓለም ውስጥ ሁልጊዜ ጅል ነው። «እኔማ አዲስ የገዛሽ መስሎኝ በልቤ ስቆጣ ነበር» ይላል። ሦስቱ ይስቃሉ። ከዚያ ሌላ ድምፅ ገብቶ ስልክ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ይደግማል። በዚህ ላይ እንዴት ይሾፋል? ማጋነኑ ተጋንኗል፣ ጅሉ ጅል ሆኗል፣ ሳቁም ተስቋል። አሜሪካኖቹ የተሳካላቸው የመላጫው ማስታወቂያ ኮስታራ ስለነበረ ነው። የሚስቅን ሰው ማሳቅ እንጂ እሱ ላይ ማሾፍ አይቻልም።

አንድ ተቃውሞ እዚህ ይነሳል፤ ፍርሃቱስ? በፋና ቴሌቪዥን ይቀርብ የነበረውን «ምን ልታዘዝ» እናስታውስ። አንድን ካፌ ሀገር አድርጎ፣ በአስተናጋጅና በባለቤት እያመካኘ የሀገሪቱን ፖለቲካ በምፀት ይተች ነበር። ሥልጣን ላይ ማሾፍ የተቻለበት ስክሪን ላይ በሳሙና ማሾፍ የሚያቅትበት ምክንያት መንግሥት ሊሆን አይችልም። ሕጉስ? የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ የሌላውን ነጋዴ ምርት ማንቋሸሽንም እንዲሁ። ይህ ግን ለሚሸጥ ሰው የተደነገገ ነው። በሌለ ኩባንያ ስም የሌለ ዕቃ የሚያሞካሽ ጭውውት ማንንም አያንቋሽሽም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ግን ይኼኛው ነው፤ የአሜሪካውም ጣቢያ የሚኖረው በማስታወቂያ አይደለም ወይ? ነው። ልዩነቱ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚያልፍ ነው። እዚያ ቀልደኛው ደመወዙን ከጣቢያው ይቀበላል፣ ከመላጫ ሻጩ ጋር የሚደራደረው ሌላ ክፍል ነው። እዚህ ብዙ ጊዜ አዘጋጁ ራሱ የአየር ሰዓቱን ይገዛል ወይም ገቢውን ከጣቢያው ጋር ይካፈላል፣ ስፖንሰሩንም ቢሮ ለቢሮ ዞሮ የሚያመጣው እሱው ነው። ጠዋት ደብዳቤ ይዞ ደጅ የጠናበትን ኩባንያ ማታ ቢያሾፍበት ወጪት ሰባሪ ይባላል፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ፕሮግራሙ የለም። በእንግሊዝ ደግሞ ቢቢሲ በሀገር ውስጥ ጣቢያዎቹ ማስታወቂያ ስለማያሳይ፣ ቀልደኞቹ በንግድ ጣቢያዎች ማስታወቂያ እንዳሻቸው ሲቀልዱ ኖረዋል። ነፃነቱ የመጣው ከድፍረት ብቻ አይደለም፣ ከደመወዝ መንገድም ጭምር ነው። 2011 ዓ.ም. ይህንን በግልጽ አሳይቷል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ የተጨነቁት ቢራ ጠማቂዎች ብቻ አልነበሩም፤ መዝናኛ አዘጋጆችም ነበሩ።

እርግጥ ከገንዘብ ጋር የተጣበቀ ምላስ ሁሉ ዝም አይልም። አዝማሪ በሚያሞግሰው ሰው ፊት ቆሞ፣ ግንባሩ ላይ ብር እየተለጠፈለት፣ ሰሙ ሙገሳ ወርቁ ተረብ የሆነ ግጥም ያቀብላል። «ተቀበል!» ያለው ደንበኛ ራሱ ሳያውቀው የተረቡ ባለቤት ይሆናል። እንግዲህ ከፋዩን በከፋዩ ፊት የመንካት ጥበብ ነበረን። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ግን ቀድሞ ታይቶ፣ ተፈቅዶ፣ ተቆርጦ ነው የሚወጣው፤ ወርቁን የሚያጣራ ሰው ተቀጥሮለታል።

[ምስል፦ ከለቡ ወደ ፉሪ የሚወስደው መንገድ፤ ጅምር ሕንፃዎች፤ የፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ።]

ለሚቀጥለው ክፍል የምናሳየው የአገር ውስጥ የሹፈት ማስታወቂያ የለንም፤ ስለዚህ አንድ በድምፅ እንሥራ። ጉዳዩ ቤት ነው፣ ምክንያቱም የዛሬው ኮስታራ ማስታወቂያ የሪል እስቴት ማስታወቂያ ነው። ሙዚቃው ይለሰልስ፣ ድሮን ከላይ ይቅረፅ። «ለእርስዎና ለቤተሰብዎ! በፉሪ፣ የባሕር ዳርቻ አፓርታማ። ከቤትዎ ወጥተው ፉሪ ለቡ ጣቢያ ባቡር ይሳፈራሉ። መስመር አይቀይሩም። ሲወርዱ ባሕር ነው። አነስተኛ ቅድመ ክፍያ፤ የቀሩን ውስን ቤቶች ናቸው፤ አሁኑኑ ይደውሉ!» ባቡሩ እውነት ነው፤ መስመሩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከዚህ ጅቡቲ ይደርሳል። ባሕሩም እውነት ነው። ያልተነገረው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ርቀት ብቻ ነው፤ የድንበሩ ፓስፖርት ደግሞ የነዋሪው ጉዳይ ነው። ስለ ባቡሩና ስለ ባሕሩ አንድም የሐሰት ቃል አልተነገረም፣ ገዢው ግን ተሸውዷል። «ከቦሌ አሥር ደቂቃ» የሚለውን የሰማ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ የማን አሥር ደቂቃ፣ በየትኛው ሰዓት ብሎ መጠየቅም ይጀምራል። ስፖንሰር ፈላጊው ፕሮግራም የማይሠራው ይህችን የአንድ ደቂቃ ጭውውት ነው።

በስልክ የሚቀርፁ ወጣቶች ግን ይሠሩታል። በቲክቶክ የመሸጫ ድምፅ እያስመሰለ የተሰነጠቀ ጀበና የሚያሻሽጥ፣ የተከራየበትን ጠባብ ክፍል እንደ ቪላ የሚያስጎበኝ አለ። አዘጋጅ የለውም፣ የአየር ሰዓት አልገዛም፣ ደጅ የጠናበት ኩባንያ የለም። እስካሁን የተባለውን የሚያፈርስ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እዚያ አይቆምም። ተመልካቹ ሲበዛ ኩባንያው ራሱ ይደውላል፤ «እንደዚያው እያሾፍክ የእኛን ሥራልን» ይላል። በማግስቱ ያው ወጣት በዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ድምፅ፣ የምር ዕቃ ይዞ ይመጣል። የማስታወቂያ አዋጁ ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ መታወቅ እንዳለበት ያዛል። ቴሌቪዥን ላይ ቢያንስ «ከማስታወቂያ በኋላ» የሚል ድንበር አለ። ስልኩ ላይ ግን የትናንቱ ሹፈትና የዛሬው ሽያጭ ፊታቸው አንድ ነው፤ ተመልካቹ የሚለያቸው መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ሲደገም ነው።