ኮምፒውተራችሁ ስራ ሲፈታ ኮከብ ሊፈልግ ይችላል

አሳይመንት እየጻፋችሁ ነው እንበል። እናንተ አንድ ፊደል መትታችሁ ሌላውን እስክትመቱ ድረስ ፕሮሰሰሩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስሌቶችን መስራት ይችላል። ግን የሚያዘው ስለሌለ አብዛኛውን ጊዜ ስራ ፈትቶ ይቀመጣል። ይሄን ትርፍ አቅም ለሳይንስ ማዋጣት እንደሚቻል ታውቃላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ2010 አንስታይን አት ሆም የተባለው ፕሮጀክት ከዚያ በፊት የማይታወቅ ፑልሳር ማግኘቱን አሳወቀ። ፑልሳር ማለት የፈነዳ ግዙፍ ኮከብ ቅሪት ሲሆን፣ በፍጥነት እየተሽከረከረ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል። ይሄኛው በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይዞራል። መረጃው የተሰበሰበው ፖርቶ ሪኮ በነበረው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ነው። ምልክቱን ለይተው ያወጡት ግን ሱፐር ኮምፒውተሮች አይደሉም፤ አሜሪካ አይዋ ውስጥ ያሉ ባልና ሚስት እና ጀርመን ያለ አንድ ሰው ያዋጧቸው ኮምፒውተሮች ናቸው።

እንዴት? ደቦን አስቡ። አጨዳ ላይ ሃያ ሰው ቢወጣ ሃያውም የየራሱን ቦታ ያጭዳል፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ወጥ ግን እንዲህ አይሰራም። ሽንኩርቱ ሳይቁላላ በርበሬ ስለማይገባ፣ ሃያ ሰው ጓዳ ቢገባም ወጡ ቶሎ አይደርስም። ለበጎ ፈቃደኞች የሚከፋፈለው እንደ አጨዳው ያለ ስሌት ነው። ዋናው ሰርቨር መረጃውን ቆራርጦ በኢንተርኔት ይልካል፣ የእናንተ ኮምፒውተር ያሰላል፣ ውጤቱን ይመልሳል።

ኮምፒውተራችሁ ቢሳሳትስ? ለዚህ ነው ብዙ ፕሮጀክቶች አንዱን ቁራጭ ቢያንስ ለሁለት ኮምፒውተር የሚሰጡት። ሁለቱ መልሶች ካልተስማሙ ስራው ለሦስተኛ ይላካል።

የደቦው ጉልበት ቀላል አይደለም። በ2020 ኮቪድ ሲስፋፋ፣ የፕሮቲኖችን አተጣጠፍ የሚያጠናው ፎልዲንግ አት ሆም በሰከንድ ከአንድ ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ስሌት መስራት ችሎ ነበር። በወቅቱ ይህን ያህል አቅም ያለው አንድም ሱፐር ኮምፒውተር አልነበረም።

ትርፍ አቅም ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ስራ የፈታ ፕሮሰሰር ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው የሚወስደው፤ ስራ ሲበዛበት ግን ፍጆታው ይጨምራል፣ ላፕቶፑ ይግላል፣ ፋኑ ይጮሃል። የመብራት ሂሳቡን የሚከፍለው ሌላ ሰው ከሆነ ቀድማችሁ አስፈቅዱ። የትምህርት ቤት ወይም የመስሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይማ ያለ ፈቃድ በፍጹም አትጫኑ።

ለመጀመር ቦይንክ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። ስንት ፐርሰንት አቅም እንደሚጠቀም፣ በባትሪ ሲሰራ እንዲያቆም፣ እናንተ ስትነሱ ብቻ እንዲጀምር ማዘዝ ትችላላችሁ። ስራውን ካወረደ በኋላ ለማስላት ኢንተርኔት አያስፈልገውም። መብራት ቢጠፋም ብዙውን ጊዜ የደረሰበትን በየመሃሉ ስለሚያስቀምጥ ከዜሮ አይጀምርም። ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ውጤቱን መላክ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ግን ፕሮጀክቱ ምን እንደሚያጠናና ማን እንደሚያካሂደው አንብቡ። የምታዋጡት የራሳችሁን ጉልበት ነውና፣ የማንን እርሻ እንደምታጭዱ ማወቅ አለባችሁ።