ዘውድ ያልደፉት ገዢዎች

ስለ ዘመነ መሳፍንት በተማርን ቁጥር አንድ ጥያቄ ከተማሪዎች መካከል ሳይነሣ አይቀርም። የየጁ ራሶች ሰባ ዓመት ያህል ንጉሥ ሲያነግሡና ሲሽሩ ከኖሩ፣ ስለ ምን ራሳቸው አልነገሡም? የዚህች ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ለውድ አንባብያን በአጭሩ ማስረዳት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አገራችን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን ባስገደሉ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የጎንደር ንጉሥ የሚታዘዝ እንጂ የሚያዝ አልሆነም። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ስለ ተሻሩ «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ቅጽል ተሰጣቸው። በዚሁ መካከል ወረ ሼህ የተባለው የየጁ ቤት ከታላቁ ራስ ዓሊ ጀምሮ እንደራሴነቱን ያዘና ከወንድም ወደ ወንድም፣ ከአባት ወደ ልጅ ያስተላልፈው ጀመር። ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን ከተማቸው አደረጉ። ዘውዱ በጎንደር፣ ጦሩና ግብሩ በደብረ ታቦር ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ቃሉን ልብ እንበል። እንደራሴ ማለት ንጉሡ «እንደ ራሴ ቁጠሩት» ያለው ሰው ነው። «ራሴ» የሚል ንጉሥ ከሌለ እንደራሴም የለም። ዙፋኑ የሰሎሞን ዘር ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ የወረ ሼህ አባቶች ደግሞ እስላሞች ስለ ነበሩ፣ ካህናቱም መኳንንቱም ዘውዱን በቀላሉ አይለቁላቸውም ነበር። ደካማውን ንጉሥ ማስቀመጥ ለየጁዎች የግድ ነበር፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን ኃይላቸውም ድካማቸውም ይኸው ነበር።

እንዲህ ያለው አገዛዝ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በጃፓንም የቶኩጋዋ ቤት የጦር አለቆች፣ ንጉሠ ነገሥቱን በኪዮቶ አስቀምጠው፣ ከኤዶ ሆነው ከ260 ዓመታት በላይ ገዝተዋል።

የየጁ ቤት ውድቀት የመጣው ከራሱ ጓዳ ነው። ዳግማዊ ራስ ዓሊ የቋራውን ካሣን በጋብቻ ለማሰር ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩላቸው። ካሣ ግን ብዙም ሳይቆዩ ሸፍተው የራስ ዓሊን እናት እቴጌ መነንን ማረኩ፤ እቴጌይቱም የተለቀቁት ለካሣ ግዛትና ማዕረግ ከተሰጠ በኋላ ነው። ካሣ በ1845 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ ሰኔ ላይ ራስ ዓሊን ራሳቸውን በአይሻል ድል ነሡ።

ከእርሳቸው በፊት ያሸነፈ ሁሉ እንደራሴ ለመሆን ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር። ደጃዝማች ካሣ ግን ይህን አላደረጉም። የሰሜኑን ደጃዝማች ውቤን ካሸነፉ በኋላ፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ስሙም ይመጣል ተብሎ በትንቢት ይጠበቅ የነበረ ስም ነው።

ከጃፓን ጋር ያለውም ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በጃፓን የጦር አለቃው ሲወድቅ ሥልጣኑ ለጥንቱ ንጉሣዊ ቤት ተመለሰ። በእኛ ዘንድ የተመለሰው ንግሥናው እንጂ የጎንደሩ ቤት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ የሰሎሞን ዘር ነኝ ቢሉም፣ ዘውዱን ያገኙት በሰይፍ መሆኑን መሳፍንቱ አልረሱትም፤ በየአውራጃው የተነሣባቸው ዓመፅም እስከ መጨረሻው አልበረደም። የሚያስደንቀው፣ ሜይጂ በጃፓን ሥልጣን የተመለሰላቸውና ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ የሞቱት በአንድ ዓመት፣ በ1860 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ከደረስጌ በኋላ የአሸናፊው ምኞት ተለወጠ። ዋግሹም ጎበዜም፣ የትግሬው ካሣም፣ የሸዋው ምኒልክም በጎንደር ደካማ ንጉሥ አላስቀመጡም፤ የፈለጉት ዘውዱን ራሱን ነበር። ሦስቱም በየተራቸው ደፉት።

የየጁ ቤትስ እንደ ወደቀ ቀረ? ይህን ለመመለስ እኛ የየካ ልጆች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከበላያችን ያለው እንጦጦ ይበቃል። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው በነገሡ በሁለተኛው ቀን፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ጣይቱ ብጡል እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። እቴጌ ጣይቱም ደብረ ታቦርን ከተማቸው ያደረጉት የየጁው የራስ ጉግሣ ተወላጅ ነበሩ።