ቱርቦው ሄደ ከማለታችን በፊት

በናፍጣ የሚሠራ አሮጌ መኪና ዳገት ላይ አልጎትት ሲልና ጥቁር ጭስ ሲተፋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወነጀለው ቱርቦው ነው። «ቱርቦው ሄዷል፤ ይቀየር» ይባላል። ባለመኪናው ምን ያድርግ? ዕቃው ከውጭ የሚመጣ፣ ዋጋውም የሚያስደነግጥ ቢሆንም መኪናው የቤተሰቡ እንጀራ ነውና ተበድሮም ቢሆን ይገዛል። ጥፋቱ አንድ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ከሆነ ግን አዲሱ ቱርቦ ተገጥሞም መኪናው ያው እንደ ድሮው ነው፤ ብድሩ ብቻ ይተርፋል። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ስሕተት ለምን እንደሚፈጠርና ፍተሻው ከየት ተነሥቶ ወዴት መሄድ እንዳለበት ለማስረዳት እንሞክራለን። ነገ በየቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ለሚያስተምሩት ሠልጣኞቻችን ቢጠቅም ብለን ነው።

አስቀድሞ መኪናው ቱርቦ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። ይህን ስንል ቀልድ አይደለም። በየገጠሩ ሲመላለስ የምናየው ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድክሩዘር ከፋብሪካ ሲወጣ ቱርቦ የለውም፤ የሌለው ነገር ደግሞ አይበላሽም። በቶዮታ የሞተር ስም ውስጥ ከሰረዙ በኋላ የ«ቲ» ፊደል ካለች ባለ ቱርቦ ነው ማለት ነው። 2ኤል ያለ ቱርቦ ሲሆን 2ኤል-ቲ ባለ ቱርቦ ነው፤ 1ኬዜድ-ቲኢ እና 1ኤችዲ-ቲም እንደዚሁ።

ቱርቦ በአጭሩ በጭስ ጉልበት የሚሠራ የአየር መጭመቂያ ነው። ከሲሊንደሮቹ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዱን ባለ ክንፍ መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ በሌላኛው ጫፍ ያለው መዘውር ደግሞ በፊልትሮ በኩል የገባውን አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። አየር በዛ ማለት ብዙ ናፍጣ በሚገባ ይነዳል ማለት ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ ይህን ፍጥነት የሚችለው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ ስለሚዞር ነው። ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ ጭሱን በአቋራጭ ወደ ማርሚታው የምትለቅ ወይስትጌት የምትባል መዝጊያ አለች፤ እርሷን የምታዘው ደግሞ ጣሳ የመሰለች፣ በቀጭን ቱቦ ግፊት የሚደርሳት፣ ዘንግ ያላት መሣሪያ ናት። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው።

ለእኛ ለደገኞች ግን ነገሩ የተለየ ክብደት አለው። በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ቱርቦ የተገጠመለትን የአውሮፕላን ሞተር ለመፈተን ፓይክስ ፒክ የተባለው ተራራ ጫፍ፣ 4,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያወጣው። ተራራው ያስፈለገበት ምክንያት ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ነው። አየር ጤናም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የዘለለ ከፍታ ላይ ናት። በባሕር ዳርቻ የአየሩ ግፊት 1 ባር ያህል ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 0.76 ባር ገደማ ነው። ይኸውም እያንዳንዱ ሲሊንደር በሳበ ቁጥር አየሩ ሩብ ያህል ይጎድልበታል ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። ቱርቦው በላዩ 0.6 ባር የሚጨምር ነው እንበል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ሞተሩ በጠቅላላው 1.6 ባር አየር ያገኛል፤ እዚህ 1.36 ባር። ሁሉ ነገር ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንኳ 15 በመቶ ቀንሷል፤ ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ጋራዥ አይጠገንም። አሁን የቱርቦው ግፊት ጨርሶ ጠፋ እንበል። ጅቡቲ ላይ 1 ባር ይቀራል፤ እዚህ ግን 0.76 ብቻ። ለ1.6 ባር የታሰበ ሞተር ከግማሽ ባነሰ አየር ዳገት ሊወጣ ነው! በቆላ ሾፌሩ «ትንሽ ደከመችብኝ» የሚለው ጥፋት በደጋ መኪናውን መንገድ ላይ የሚያስቀረው ስለዚህ ነው። ከጅማ የሚመጣ ሰው «ጊቤ በረሃ ላይ ደህና ነበረች፤ ወደ ወሊሶ ስንጠጋ ነው የሰነፈችው» ቢል ግማሹ ምክንያት ከፍታው ሊሆን ይችላልና ሌላ ሳንጠይቅ ቱርቦ መፍታት የለብንም። መኪናን ከራሱ ጋር፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ማርሽ፣ በተመሳሳይ ጭነት ማወዳደር ነው ደንቡ።

ከዚሁ ጋር አንድ መጥፎ ልማድ እናንሣ። የመሣሪያዋን ዘንግ አሳጥሮ ወይስትጌቷ ቶሎ እንዳትከፈት በማድረግ «ጉልበት መጨመር» የሚባል ነገር አለ። ያንኑ 0.6 ባር ለመጨመር እንኳ እዚህ ያለ ቱርቦ ስስ አየር ስለሚያገኝ በባሕር ዳርቻ ካለው ይበልጥ መፍጠን አለበት። በዚያ ላይ ዘንጉ ሲጠብቅ ከተፈቀደለት ፍጥነት ያልፋል። ለጊዜው መኪናው ይፈነጥዛል፤ ኋላ ክንፎቹ ይበታተናሉ።

ወደ ፍተሻው እንግባ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጭሱ ነው። ድካምና ጥቁር ጭስ አብረው ከመጡ ናፍጣ አለ፣ አየር የለም ማለት ነው። ድካም ኖሮ ጭስ ከሌለ ግን የጎደለው ናፍጣው ሊሆን ይችላልና የናፍጣ ፊልትሮው ይታይ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ይናገራል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሏት አንዲት ነገር አለች። በብዙ አሮጌ ባለ ቱርቦ ሞተሮች የናፍጣ ፖምፓው ራስ ላይ ከአየር ማስገቢያው የምትመጣ ቀጭን ቱቦ ትገባለች፤ ፖምፓው የቱርቦውን ግፊት በእርሷ እየሰማ ናፍጣ ይጨምራል። ቱቦዋ ከተሰነጠቀች ፖምፓው ቱርቦ መኖሩን አያውቅም፤ መኪናው ያለ ጭስ ይደክማል። የክንድ ርዝመት የማትሞላ ቱቦ ናት፤ ዋጋዋም ምንም አይደል።

ቀጥሎ አየር ፊልትሮው። ከአስፋልት ወጥቶ በኮረኮንች የሚሠራ መኪና ፊልትሮው በአጭር ጊዜ ይደፈናል። በኮምፕሬሰር በኃይል መንፋት ወረቀቱን ይበሳዋል፤ በቀዳዳው የገባው አቧራ ደግሞ የቱርቦውን ክንፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል። የፊልትሮው የጎማ ከንፈር ቤቱ ላይ በሚገባ መቀመጡንም ማየት ነው።

ከዚያ ከቱርቦው እስከ ኢንተርኩለሩ፣ ከኢንተርኩለሩም እስከ ሞተሩ ያሉት ወፋፍራም የጎማ ቱቦዎች አሉ። በእኛ እምነት አብዛኛው ጊዜ መሰጠት ያለበት እዚህ ነው። ቱቦው ከላይ ሲያዩት ደህና ሆኖ ከሥሩ፣ ዐይን በማይደርስበት በኩል ይሰነጠቃል፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ይገጥማል፣ ግፊት ሲመጣ ይከፈታል። ሞተሩ ሲበርድ በእጅ እየጨመቁ ዙሪያውን መዳሰስ፣ ማሰሪያ ፋሼታዎቹንም ማጥበቅ ነው። ውስጡ ትንሽ የዘይት ወዝ መኖሩ የተለመደ ነው፤ በውጭ በኩል ግን ጥቁር የረጠበ አቧራ ከተለጠፈ አየር የሚያመልጠው በዚያ ነው። በወርክሾፓችን ሊሠራ የሚችል ቀላል መፈተኛ አለ። የቱርቦው መግቢያ ልክ የሆነ ድፍን ነገር ተበጅቶ የጎማ ቫልቭ ይተከልበታል፤ ያም በፋሼታ ታስሮ በጎማ መንፊያ ቀስ እያሉ እስከ 0.5 ባር ይነፋል፣ መጋጠሚያዎቹም የሳሙና ውሃ ይቀባሉ። አረፋ የወጣበት እርሱ ነው። ግፊቱን ማብዛት ግን ድፍኑን እንደ ጥይት ያስፈነጥረዋልና ማንም ፊት ለፊቱ አይቁም።

ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ ወይስትጌቷ ትታይ። በዝገትና በጥላሸት ተከፍታ ከቀረች ጭሱ መዘውሩን ሳይመታ ያልፋል። በሞተሩና በቱርቦው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቶ እንደሆነም «ጥሽ ጥሽ» የሚል ድምፅና በዙሪያው ጥላሸት ይኖራል። የተደፈነ ማርሚታም ቱርቦውን ያንቀዋል። አዲሶቹ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዙትና የውስጥ ክንፋቸው የሚንቀሳቀስ ቱርቦዎች አሠራራቸው ስለሚለይ የኮምፒውተሩን ኮድ ማንበብና የቫኪዩም ቱቦዎቹን ማየት ይጨመራል።

ራሱ ቱርቦው የሚፈተሸው በመጨረሻ ነው። ሞተሩ ጠፍቶና በርዶ፣ የመግቢያው ቱቦ ይወልቅና መዘውሩ በጣት ይዞራል። ወደ ጎን ጥቂት መነቃነቁ አያስደነግጥም፤ ዘንጉ በዘይት ላይ የሚንሳፈፍ ነውና። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በግልጽ የሚመላለስ ከሆነ፣ ወይም ክንፉ ግድግዳውን የጫረ ከሆነ ግን ያን ጊዜ «ሄዷል» ቢባል እንስማማለን።

ይህን ዐይነቱን ቱርቦ ይዞ መንዳት የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። በዘንጉ በኩል የሚያመልጠው ዘይት ወደ አየር ማስገቢያው ሲገባ ሞተሩ የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ ያነድና በራሱ ይፈጥናል። ቁልፍ ቢጠፋ አይቆምም! መኪናው ባለ እጅ ማርሽ ከሆነ ሳይደናገጡ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ፣ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ለቅቆ ማነቅ ነው። ይህ ካልተቻለ የአየር መግቢያው በጣውላ ወይም በሌላ ጠንካራ ዝርግ ነገር ይደፈናል፤ በእጅና በጨርቅ ፈጽሞ አይሞከርም። ያም ካልሆነ ሰውን ከሞተሩ ማራቅ ነው።

ቱርቦው መቀየሩ የግድ ከሆነ አዲሱ ከመግባቱ በፊት አሮጌውን ምን እንደገደለው ይታወቅ። ዘይት አምጪው ቀጭን ቱቦ በከሰለ ዘይት ተደፍኖ እንደሆነ አዲሱም ዕድሜ የለውም። የዘይት መመለሻው ከተደፈነ፣ ወይም የፒስተን ፋሻ አልቆ ግፊት ወደ ታች እያመለጠ ከሆነ አዲሱም ዘይት ይተፋል። ቱቦዎቹ ይጸዳሉ፣ ዘይቱና ፊልትሮው ይለወጣሉ፤ ከአሮጌው የተሰበረ ክንፍ ኢንተርኩለሩ ውስጥ እንዳልቀረ ይታያል። ሲገጠም በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት ይጨመርበታል፤ ናፍጣው ተዘግቶ ሞተሩ በሞተሪኖ ብቻ ጥቂት ይዞራል፤ ከተነሣም በኋላ ዘይቱ እስኪዳረስ አንድ ሁለት ደቂቃ ያለ ነዳጅ መርገጥ እንዲሠራ ይተዋል። ረጅም ዳገት ወጥቶ የቆመ መኪናም ከመጥፋቱ በፊት እንዲሁ ይደረጋል፤ በጋለ ዘንግ ላይ ቆሞ የቀረ ዘይት ነውና ከስሎ ቱቦውን የሚደፍነው።