ተማሪው ለሰውነቱ የሚተርፈው ሰዓት

ሐኪሙ ጄሪ ሞሪስ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ጥናት፣ የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚያሽከረክሩ ሾፌሮች፣ በዚያው አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ በሽታ አብዝተው እንደሚጠቁ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ያከራከረው ጉዳይ የሚያስፈልገው እንቅስቃሴ መጠን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ጎልማሳ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ቢያንስ ሁለት ቀንም ዋና ዋና ጡንቻዎቹን እንደ ፑሽ አፕ ባሉ ልምምዶች እንዲያጠነክር ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው፣ እንደ ፈጣን የእግር ጉዞ፣ እየተነጋገሩ ሊሠሩት የሚቻል፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የማይበቃበት ሲሆን፣ ከባዱ ጥቂት ቃላት ተናግሮ አየር ለመሳብ የሚያስገድድ ነው።

ለተማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ከመመሪያው የተሰረዘው ነገር ነው። የ2010ሩ መመሪያ እንቅስቃሴው የሚቆጠረው በአንድ ጊዜ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሲዘልቅ ነው ይል ነበር፤ አዲሱ ይህን ገደብ ስላነሳ፣ ከዶርም ወደ መማሪያ ክፍል በፍጥነት መራመድና የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ መውጣት፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቢሆኑም፣ ከሳምንቱ ድምር ይገባሉ። በፈተና ሰሞን ጊዜ የለኝም ለሚለው ተማሪ ይህ ሊነገረው ይገባል፤ ቀኑን ከስምንት ሰዓት በላይ ተቀምጦ የሚያሳልፍ ሰው የመቀመጥን ጉዳት ለማካካስ በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ መንቀሳቀስ እንደሚያስፈልገው እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ትንተና አመልክቷልና።

የጤና ተመራማሪው ራልፍ ፓፈንባርገር እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተመው፣ ወደ 17,000 የሚጠጉ የቀድሞ የሃርቫርድ ተማሪዎችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ፣ በተማሪነት ዘመን ስፖርተኛ የነበረ ሰው እንቅስቃሴውን ካቆመ ልቡ ከድሮ ስፖርቱ ጥበቃ እንደማያገኝ፣ ዘግይቶ የጀመረው ግን እንደሚጠቀም አረጋግጧል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የአካል ብቃት ትምህርት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከሚሰጡት የጋራ ትምህርቶች አንዱ መሆኑ የሚያስመሰግን ሲሆን፣ ከዚህ ግኝት አንጻር ሲታይ ግን ኮርሱ ሲያልቅ ልማዱም አብሮ የሚያልቅ ከሆነ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ልማዱን የሚያዘልቀው ምቹ ሁኔታ ነው፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ማታ 12 ሰዓት ገደማ በምትጠልቅበት አገር፣ የተማሪው ነፃ ጊዜ የሚጀምረው ሲመሽ ስለሆነ፣ መብራት የሌለው ሜዳና የመሮጫ መንገድ ለብዙዎች፣ ይልቁንም ለደኅንነታቸው ለሚሰጉ ሴት ተማሪዎች፣ እንደተዘጋ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ለቤተ መጻሕፍት የሚያስቡትን ያህል ለዚህ መብራት በጀት ሊይዙ ይገባል።